የጋሼ ዮፍታሔ የእንግሊዝኛ ትምህርት

እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድኩት ከጥቁር የኮምፒውተር እስክሪን ላይ ነው። ያስለመደኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ዮፍታሔ ነው፤ እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። ሚሌኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነው፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ የጋሼ ድምፅ ከጓሮ ይመጣል።

«ርሆቦት፣ ነይ ትምህርትሽን።»

ቤታችን ከላምበረት አስፋልት ወደ ተራራው በኩል ሲወጡ፣ ባህር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነበር። ጋሼ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ይኖራል። እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ኮምፒውተር ይጠግናል። ወለሉ ላይ ክዳናቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ክፍሉ የጋለ አቧራ ይሸታል። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ያለው ወንድ ጋሼ ነበር ማለት ይቻላል።

ከአልጋው ጫፍ ላይ ያስቀምጠኝና ማሽኑን ያስነሣዋል። ማራገቢያው መጮኽ ይጀምራል፣ እስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ ነጫጭ ፊደሎች ይዘንባሉ።

«ምን ይላል?»

ቃላቱን ስለማላውቃቸው ፊደል በፊደል እጠራቸዋለሁ። «ኤፍ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ፣ ዲ።»

«ፌይልድ። አልተሳካም ማለት ነው። ቀጥዪ።»

እኔ ሳነብ እሱ ወደ እስክሪኑ አያይም። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለስ አድርጎ፣ በጎን በኩል፣ ጆሮዬን የሚያይ ይመስል ነበር የሚቀመጠው። የክፍላችን አስተማሪ ቃል ሲያጽፉን መጽሐፉን ይዘጉታል፤ ጋሼም እንደዚያ እየፈተነኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። መልሱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው መጽሐፍ ምን ያደርግለታል።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንድንናገር ታዘዝን። ሌሎቹ ይህ እስክሪብቶ ነው፣ ያ ወንበር ነው አሉ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ «ፕረስ ኤኒ ኪ ቱ ኮንቲኒው» አልኩ፤ ለመቀጠል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ ማለት ነው። አስተማሪው ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። አጎቴ ያስተምረኛል አልኳቸው። በጣም ኮራሁ። ለጋሼም ነገርኩት፤ ቦምቦሊኖ ገዛልኝ።

ሌላም ጨዋታ ነበረን። አብረን መንገድ ስንወጣ «ከፊት ማን እየመጣ ነው?» ይለኛል፤ ቀድሞ የሰውየውን ስም የጠራ ያሸንፋል። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ። እኔ ቀስ ብዬ ስሙን ስነግረው እሱ ጮክ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ «እማማ ሮማነወርቅ፣ እንደምን ዋሉ?» ይላቸዋል። እማማ ሮማነወርቅም ደስ ብሏቸው ይመርቁታል። እኔ የሌለሁ ቀን ግን ሰው ሁሉ ጋሼን ኩሩ ሆኗል ይለው ነበር። ይህን አውቅ ነበር፤ እናቴ ስትናደድ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ነገር ግን አያይዤ አላየሁትም።

በዚያ ሰሞን ቀበሌ መንገድ ሊያሰፋ ነው ተብሎ አጥሮች ላይ ቀይ ቀለም ይቀባ ነበር። አባቴ ከመንገድ በገባ በአንዱ ምሽት እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትነግረው ሰማሁ።

«መሀሉ ይሄዳል አሉ።»

«ዳሩስ?»

«ዳሩ ይቆያል ብለዋል። መሀሉ ግን አይመለስም።»

አባቴ «መቼ ነው የሚሄደው?» አለ። «ቀስ በቀስ ነው» አለችው። በማግስቱ ደብተሬን፣ የእሑድ ጫማዬንና አሻንጉሊቴን ሰብስቤ ሳሎኑ ጥግ፣ ከቡፌው ጀርባ ወሸቅኋቸው። የቤታችን መሀል ሲፈርስ ዳሩ እንደሚቀር ገብቶኛል። እናቴ ዕቃዬን ስታገኘው ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። ተደብቄ የሰማሁትን መናገር ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።

የተወራው ስለ ቤታችን አልነበረም። ሐኪም ስለ ጋሼ ዓይን የነገራትን ነው እናቴ የተናገረችው። ከዘር የሚመጣ ሕመም ነው፤ ሰውየው ጎኑን ያያል፣ ግድግዳና በር አይገጨውም፣ ፊት ለፊት የሚያየው ነገር ግን ይጠፋበታል። ፊደል ይጠፋል፤ የሰው ፊት ይጠፋል። ጋሼ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቴ ያኔ የሚመስላት ገና ትንንሽ ጽሑፍ ብቻ እንደሚያስቸግረው ነበር። የቀረውን እሱ ደብቋታል።

የውኃውም ነገር ነበር። እናቴና ጋሼ በአንዳንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። ሲመለሱ ጋሼ ጸጉሩ ረጥቧል፤ እናቴ ነጠላዋን የጣለችበት ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ጀሪካኑን ከአልጋ ሥር ትከተዋለች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «በተለይ ፓስተር ለይኩን ፊት።»

ፓስተር ለይኩን የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። በዚያ ሰሞን የቧንቧ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር እናቴና ጋሼ ተራራ ላይ ካለ ሰው ውኃ እየሰረቁ መሆናቸውን ተረዳሁ። ሌብነት ኃጢአት ስለሆነ ፓስተሩ መስማት የለባቸውም። አንድ ቅዳሜ ፓስተር ለይኩን ሊጠይቁን መጡና ተቀመጡ፤ ውኃ ጠማኝ አሉ። ቧንቧው ደርቋል። እናቴ ሱቅ ሰው ልትልክ ስትነሣ እኔ ከአልጋው ሥር ከጀሪካኑ ቀዳሁና በብርጭቆ አቀረብኩላቸው። እንግዳ ከሚጠማው የተሰረቀ ውኃም ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ጠጡት። «ጥሩ ውኃ ነው፣ ቀዝቃዛ» አሉ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ ተነሥቶ ወጣ፤ ከጓሮ ብቻውን ሲስቅ ይሰማኛል።

እናቴ ጌታን የተቀበለችው ከማግባቷ በፊት ነው፤ ያደገችው ግን በእንጦጦ ሥር፣ በጠበሉ አጠገብ ነው። በልጅነቷ የታመመ ሁሉ ወደዚያ ሲወሰድ አይታለች። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ሲላት እግሯ የሚያውቀውን መንገድ ያዘች። ይህን የነገረችኝ በቅርቡ ነው። ፓስተር ለይኩን የጠጡት ጠበል መሆኑን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ጤናቸው ግን ደህና ነው።

ያ ሁሉ ነገር የተገለጠው በጋሽ ጉተማ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። ጋሽ ጉተማ ላምበረት አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት አላቸው። ሰርግ ይቀርጻሉ፣ የቀረጹትንም በኮምፒውተር ያቀናብራሉ። ደንበኛው ሁሉ ፍላሹን እያመጣ ሲሰካ ማሽኑ በቫይረስ ተቸገረ። ጋሼ አንድ ሐሳብ አቀረበላቸው። በሁለተኛው ሀርድ ዲስክ ላይ አዲስ ሲስተም ይጫናል፤ የሰው ፍላሽ የሚከፈተው በአዲሱ ይሆናል፣ ሰርግ የሚቀናበረው ደግሞ በአሮጌው። ማሽኑ ሲነሣ ጥቁር ገጽ ላይ ሁለቱን ያቀርባል፤ ጋሽ ጉተማ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጋሼ ሄዶ ጫነው። እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጉተማ በራችንን አንኳኩ። እናቴ ወጣች።

«ፀዳለ፣ ወንድምሽ ምን እንደሆነብኝ አላውቅም» አሉ። «ኮምፒውተሬን አበላሽቶ ይሸሸኛል። ትናንት አስፋልቱ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ እጄን አነሣሁለት፤ ዝም ብሎኝ አለፈ።»

ጋሼ ድምፃቸውን ሰምቶ ከጓሮ መጣ። «ጋሽ ጉተማ፣ አላየሁዎትም።»

«ክንድ ለክንድ ተነካክተን እንዴት አታየኝም?»

ጋሼ ፊቱን ወደ ጎን መለሰ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ጋሼ ዋሽቷል ብዬ አፈርኩ።

«ኮምፒውተሩ ምን ሆነ?» አለ ጋሼ።

«አዲሱን ስመርጥ ይገባል። አሮጌውን ስመርጥ አንድ መስመር ይጽፍና ቀጥ ይላል። የጫልቱ ሰርግ እዚያ ውስጥ ነው። ካሴቱ ላይ ሌላ ቀርጬበታለሁ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አባቷ ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ሞቱ፤ እሑድ አርባቸው ነው። ቤተሰቡ ፊልሙን ይጠብቃል። ለልጅቷ ምን ልበላት? ነገ ካልሠራህልኝ ሌላ ባለሙያ ጋ እወስደዋለሁ።»

«ሌላ ጋ ከወሰዱት ፎርማት ይደረግ ሊሉዎት ይችላሉ። ፎርማት ከተደረገ ሰርጉ የለም።»

«ታዲያ አንተ ሥራው።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሮ «ርሆቦትም ትመጣለች፤ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት፣ ትለማመዳለች» አለ።

ፈተና አልነበረብኝም። ሳይነገረኝ የመጣ ፈተና መስሎኝ ስጨነቅ አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዞ ወረደ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ ተስሏል፣ ከፊቱ የፕላስቲክ አበባና የሙሽሮች ወንበር አለ። ኮምፒውተሩ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከወንበሩ ተነሣችና ለጋሼ እጇን ዘረጋች። ጫልቱ ነበረች። የጋሼ እጅ አልተንቀሳቀሰም። እጇ አየር ላይ ቀረ። መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሴትየዋ ግን አልተቀየመችም። ትንሽ ፊቱን አየችው፤ ከዚያ እጁን ከተንጠለጠለበት ራሷ ያዘችና ጨበጠችው።

«ጫልቱ ነኝ» አለችው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

እኔ ከኪቦርዱ ፊት ተቀመጥኩ፤ ጋሼ ከጎኔ፣ ጋሽ ጉተማ ከኋላችን ቆመዋል። ማሽኑ ተነሣ። ጥቁሩ ገጽ መጣ፤ ከላይ በቀለም የደመቀ መስመር፣ ከሥሩ ሌሎች መስመሮች፣ ከታች ደግሞ እየቀነሰ የሚሄድ ቁጥር።

«የመጨረሻው መስመር ምን ይላል?»

«ደብሊው፣ አይ፣ ኤን፣ ዲ…» ስል ቁጥሩ አለቀና እስክሪኑ ተቀይሮ ወደ አዲሱ ሲስተም ገባ።

«ምንም አይደለም» አለ ጋሼ። «እንደገና እናስነሣው። ገጹ እንደመጣ የታችኛውን ቀስት ተጫኚ፤ ቁጥሩ መቁጠር ያቆማል። ከዚያ ጊዜ አለሽ።»

ከዓመታት በኋላ፣ ዛሬ፣ ጋሼ የሚሠራበት ኮምፒውተር ይናገራል። እስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው፤ ከእኔ ይፈጥናል። ያቺ የመጀመሪያዋ ጥቁር ገጽ ግን ዛሬም አትናገርም፤ አንባቢው የሚነሣው ከእሷ በኋላ ነው። አንድ ማሽን እዚያ ላይ ሲቆምበት ለእኔ ይደውላል፤ መገናኛ ከምሠራበት ቢሮ በቪዲዮ እያየሁ አነብለታለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ስናስነሣው ቀስቱን ቶሎ ተጫንኩ። ቁጥሩ ቆመ። ጋሼ እስከ መጨረሻው መስመር እንድወርድና «ኢ» የምትለውን ፊደል እንድጫን ነገረኝ። ሌላ ገጽ መጣ።

«ምን ይላል?»

«አር፣ ኦ፣ ኦ፣ ቲ።»

«ሩት። ሥር ማለት ነው። ቀጥዪ።»

«ቅንፍ። ኤች፣ ዲ፣ ኤል፣ ኮማ፣ ዜሮ።»

«ኤል?»

«ኤል።»

«ደግመሽ እዪው።»

ደግሜ አየሁት፤ ኤል ነው። ጋሼ ወደ እስክሪኑ ተጠጋ። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ጉንጩ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጋው። ማሽኑ ውስጥ የተበላሸ ነገር ድምፅ እያዳመጠ መስሎኝ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ግንባሩ አልቦታል።

ጋሽ ጉተማ ትዕግሥታቸው አለቀ። «አንተ ልጅ፣ ለምን ራስህ አታነበውም? ከጠዋት ጀምሮ ይቺ ሕፃን ፊደል ትቆጥራለች።»

«ልምምድ ነው ጋሽ ጉተማ።»

«የሰው ሰርግ ያለበት ኮምፒውተር ነው እንዴ መለማመጃው? ዞር በል፣ እኔ ላንብበው።»

«ተዉ ጋሽ ጉተማ» አለች ጫልቱ ከመጋረጃው በኩል። «ልጅቷ ታንብብ። እኔ አልቸኩልም።»

እሑድ አርባ ያለባት እሷ ነበረች። ጋሽ ጉተማ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጋሼ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ርሆቦት፣ ከታች ካሉት መስመሮች ውስጥ በሲ የሚጀምር ረጅም ቃል አለ አይደል?»

«አለ።»

«መሀሉ ላይ ኤል አለች። እሷን በደንብ ተመልከቻት። አየሻት? አሁን ወደ ላይ ተመለሺና ይቺኛዋን እዪ። እኅትማማች ናቸው ወይስ አንድ ናቸው?»

አፍንጫዬን አስጠግቼ ሁለቱን አነጻጸርኩ። ይመሳሰላሉ፤ የላይኛዋ ግን ጫፏ ላይ ወደ ታች ያዘነበለች አፍንጫ ነገር አላት። «አንድ አይደሉም» አልኩ። «ይቺኛዋ አፍንጫዋ ተንጋዷል።»

«እንግዲያው ኤል አይደለችም» አለ ጋሼ፤ ለረጅም ጊዜ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው። «ቁጥር ናት። አንድ ናት። ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ አንድ ሲባል አሮጌውን የሚፈልገው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው፤ ያለው ግን መጀመሪያው ላይ ነው። የእኔ ስሕተት ነው። አጥፊያትና ዜሮ ጻፊ።»

እያዘዘኝ አጠፋሁ፣ ዜሮ ጻፍኩ፣ አስገባሁ። በመጨረሻ «ቢ» የምትለውን ተጫንኩ። እስክሪኑ ባዶ ሆነ። ጠቆረ፣ እንደጠቆረ ቆየ። ጋሽ ጉተማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጋሼ እጅ ትከሻዬ ላይ እየከበደ ሄደ። ከዚያ የአሮጌው ሲስተም ምልክት መጣ፤ ተከትሎ ያቺ የምታውቋት የመክፈቻ ዜማ ተሰማች። ጋሼ እሷን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተመስገን» አሉ ጋሽ ጉተማ። ድምፃቸው ተለውጧል። ለሁላችን ለስላሳ አስመጡ።

ጫልቱ ትንሽ ልየው አለች። ጋሽ ጉተማ ፊልሙን ከፈቱ። ነጭ የለበሰችው ጫልቱ አንድ ሽማግሌ በክንዳቸው ይዛ ወደ ድንኳን ትገባለች። ሽማግሌው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ እግራቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ ይራመዳሉ። ሙሽራውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከጉንጩ አጠገብ ያለውን አየር ሳሙ፤ ሙሽራው ራሱን አዙሮ ተሳመላቸው። እኔ ሰክረው ነው ብዬ ደመደምኩ።

«አባቴ ናቸው» አለች ጫልቱ። የምታወራው ለጋሼ ነበር። «ይዣቸው ወደ ድንኳኑ እየገባን ነው። ያስለቀሰኝን ካባ ለብሰዋል፤ ለሰርጌ ብለው ያሰፉት ነው። አሁን ቁጭ አሉ። አሁን ሰው ሁሉ እየዞረ ይስማቸዋል፤ ይሥቃሉ።»

ፊልም ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ፊልሙን መተረክ ለምን እንዳስፈለጋት አልገባኝም። ሐዘን ያስለፈልፋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እሱ ይሆናል አልኩ።

ከዚያ ወደ አዲሱ ሲስተም ገባንና ያቺኑ ቁጥር ለሁልጊዜ እንድትቀመጥ አስተካከልናት። ጋሽ ጉተማ ራሳቸው እያጠፉ እያስነሡ ሞከሩት። ሁለቱም ገባ። ደስ ብሏቸው «የወንድሜም ሱቅ ኮምፒውተር አለ፤ ሰኞ ትመጣለህ» አሉት።

«ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ጋሽ ጉተማ» አለ ጋሼ።

«ተቀየምከኝ እንዴ?»

«አይደለም። ሥራውን ትቼዋለሁ።»

በሩ ላይ ጫልቱ ተከትላን ወጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የቤትህ ሰዎች ያውቃሉ?» አለችው።

«እኅቴ ታውቃለች።»

«ሁሉን?»

ጋሼ እጄን ፈልጎ ያዘና መሄድ ጀመረ።

«አባቴ ደብቀው ደብቀው በመጨረሻ ከደረጃ ላይ ነው የወደቁት። ከዚያ አልተነሡም። ንገራቸው፣ ወንድሜ።»

ዳገቱን ስንወጣ ማን እየመጣ እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ጋሼ ከጋሽ ጉተማ ኮምፒውተር ሌላ አንድ የደበቀን ትልቅ የተበላሸ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ቤት ስደርስ ቴሌቪዥናችንን ከፍቼ አየሁት፤ ደህና ነው።

ማታ ለራት ቀረብን። እናቴ ወጡን ጨልፋ ከጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ተቀመጪ፤ የምነግርሽ አለኝ» አላት።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

እናቴ እጇን ከትሪው ላይ አነሣች።

«እትዬ» አለ ጋሼ፤ «ፊትሽን ከእንግዲህ አላየውም።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የጎረቤታችን ባል ሻንጣውን ይዞ የወጣ ዕለት ሚስቱ በር ላይ ቆማ «ፊትህን ከእንግዲህ አላየውም» ስትለው መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እናቴ ምን አድርጋው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም አላደረገችውም። ልብሱን የምታጥብለት እሷ፣ ለእሱ ብላ ውኃ የምትሰርቀው እሷ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከፋሲካ በፊት።»

«እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ጀሪካን ተሸክመሽ ያን ተራራ ስትወጪ እንዴት ልንገርሽ?»

«ርሆቦት፣ ውጪ ሂጂ» አለች እናቴ። ወጣሁ። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ስታለቅስ ይሰማል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሼ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። እናቴ ከአዲስ አበባ ውጪ ለሥልጠና ነው አለችኝ። አላመንኳትም። የጎረቤታችን ባልም ለሥራ ፊልድ ሄደ ነበር የሚባለው። በሄደ ጠዋት አባቴ ሊሸኘው መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃል። ጋሼ ከበሩ ላይ «ርሆቦት» ብሎ ጠራኝ። ሰርቪሷ ውስጥ ማሽኖቹ መሀል ተቀምጬ ዝም አልኩ። እንደገና ጠራኝ። ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ የመኪናው ድምፅ ራቀ። ማሽኖቹን ከሲ.ኤም.ሲ የመጣ ሰው ገዝቶ ጭኖ ወሰዳቸው፤ ክፍሏን አከራየናት።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየጊዜው ትጠይቀዋለች። ነይ አብረን እንሂድ ስትለኝ ፈተና አለብኝ፣ ራሴን አሞኛል እላለሁ። ሰድቧት የሄደን ሰው ምግብ ተሸክማ መሄዷ ያናድደኝ ነበር። እሷም አላስገደደችኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ስድስተኛ ክፍል ስሆን ግን ሰበብ አላዋጣኝም፤ ልብሴን አስለብሳ ወሰደችኝ።

ጋሼ የሚሠለጥንበት ቦታ ሰፊ ግቢ ነው፤ ሣር አለ፣ ረጃጅም ጥዶች አሉ። ወጣቶች ከአንድ ክፍል እየወጡ ነበር። ጋሼ ከመሀላቸው ወጣ። ነጭ በትር ይዟል፤ ከፊቱ ግራና ቀኝ መሬቱን እየነካካ፣ እንደ ድሮው በፍጥነት እየተራመደ መጣ። ቆሜ ቀረሁ። ስለ በትሩ አንድም ነገር አልገባኝም፤ ትዝ ያለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ልነግረው ያዘጋጀሁት ነገር ነው።

«እትዬ?» አለ።

«እኔ ነኝ። ርሆቦትም አለች።»

«ርሆቦት?» ፊቱ በራ። እጁን ዘረጋ።

«መጀመሪያ እማዬን ይቅርታ ጠይቃት» አልኩት።

እጁ እንደተዘረጋ ቆመ። «ስለ ምን?»

«ፊትሽን አላየውም ብለሃታል። ራት ላይ። ሰምቻለሁ።»

እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ልጄ» አለች፤ «ዓይኑ እኮ ነው። የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ስታነቢለት የነበርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

በትሩን አየሁ። ፊቱን አየሁ፤ እንደ ድሮው ወደ ጆሮዬ ነው የሚያየው። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት አፍንጫዬ ሲፈስ ነው። ጋሼ በበትሩ መንገዱን ሳይፈልግ በድምፄ መጣና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አደረገው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይመሽኝ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

መሳቅ ጀመረ። እናቴ መጀመሪያ ነውር ነው ልትለው ነበር፤ ከዚያ እሷንም ሣቁ ያዛት፤ ከጥዱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሣቀች። እኛም አጠገቧ ተቀመጥን። ያመጣነውን ምሳ ፈታን።

ሲበላ ቆይቶ ወደ እኔ ዘንበል አለ። «እስኪ ንገሪኝ» አለ፤ «እትዬ አሁን ምን ትመስላለች?»

እናቴን ዞሬ አየኋት። በየቀኑ የማያት ሴት ናት፤ እንዲህ ግን አይቻት አላውቅም ነበር።

«ከስታለች» አልኩት። «ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቅንድቧ መሀል ቀጭን መስመር አለ፤ ስትስቅ ይጠፋል። አሁን ጠፍቷል። ከፊት በኩል ሽበት…»

«ሽበቱን ተዪው» አለች እናቴ።